የመሪጌታ ሚስት ትከሻ

የምተዳደረው የሰው ሠርግ በማጥራት ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ያለች ክፍል ተከራይቼ፣ ሁለት ኮምፒዩተርና ስፖንጁ የወጣ ሶፋ ይዤ እሠራለሁ። ካሜራ ያነሡ ሰዎች የቀረጹትን ያመጡልኛል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ የጠቆረውን አበራለሁ፣ የደበዘዘውን አጠራለሁ። ሙሽሮች ሲመጡ የሚጠይቁኝ አያልቅም። አንዱ ሆዱን እንድቀንስለት ይፈልጋል፤ አንዷ ያኮረፈች አማቷን እንዳስቅላት ትለምነኛለች። ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ «ብቻ ጥራት ይኑረው» ሳይል አይወጣም። አባቴ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዱ «ልጄ ሥዕል ታጥባለች» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም፤ ከአጣቢ የሚለየኝ እጄ አለመራሱ ብቻ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ደብር አቋቋም ያስተምራሉ፤ ካህናት በበዓል ቀን መቋሚያ ይዘው፣ ጸናጽል እያንሿሹ፣ ከበሮ እየተመታላቸው የሚያሸበሽቡበትን ሥርዓት ማለት ነው። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። እናቴም ከተማሪዎቹ ለምዳ «የኔታ» ነው የምትላቸው። እሳቸው ደግሞ እሷን «አንቺ» ይሏታል። በዚህ ተግባብተው እኔንና ታናሽ እህቴን አሳድገዋል።

እናቴ የጃናሞራ ሰው ናት፤ የመካነ ብርሃን። ጎንደር የገባችው በሙሽርነት ነው። በአገሯ ሳለች በእስክስታ የታወቀች እንደነበረች የሚነግሩን ታላቅ ወንድሟ ናቸው፤ እሷ «አያ» ትላቸዋለች፣ እኛም ተከትለን አያ እንላቸዋለን። «የእናታችሁን ትከሻ ለማየት ከማዶ አገር ሰው ይመጣ ነበር» ሲሉን እናቴ «ውሸቱን ነው» ትልና ጓዳ ትገባለች። እኔና እህቴ ስትጨፍር አይተናት አናውቅም። መሪጌታ ያገባች ሴት ሠርግ ቤት ታጨበጭባለች፣ እልል ትላለች፣ የወጡን ጨው ትቀምሳለች። ትከሻዋን ግን አታወጣም። ይህን የደነገገ ሰው አላውቅም፤ ሕጉን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ታናሽ እህቴ ከጎንደር ወጣ ብላ ከምትገኘው ጠዳ የሆነ ልጅ ስታገባ መልሱ እኛ ግቢ ተደገሰ። የእህቴን ድግስ ሌላ ሰው አይቀርጽልኝም ብዬ ካሜራውን ራሴ ያዝኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኸው ነው። ሙሽራዋ ስትገባ ቀሚሷ በአየር ላይ ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ እንዲታይልኝ ካሜራውን ዝግታ ላይ አደረግሁት። ዝግታ ስል፣ ኋላ ሲታይ ዝግ የሚለውን ነው እንጂ ካሜራው ራሱ የሚሠራው በጥድፊያ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ፍሬም ያነሣል። ይህን ሁሉ መሸከም ስለማይችል እያንዳንዱን ሥዕል ያሳንሰዋል። እንግዳ ሲበዛ ጠላ እንደማቅጠን ነው፤ ለሁሉም ይዳረሳል፣ ጠላነቱ ግን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጥድፊያው ብርሃን ይበላል። ድንኳን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ካህናቱ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ አባቴም አብረዋቸው። ድንኳኑ ውስጥ አዝማሪው የሙሽራዋን ዘመዶች አንድ በአንድ እየለከፈ እናቴ ጋ ደረሰ። ስለ መሪጌታ ሚስት ትከሻ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ሰው ሳቀ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ እያጨበጨበች ነበር፤ ያልሰማች መሰለች። አያ ከመደባቸው ተነሥተው ፊቷ ሄደው ቆሙ።

«ምነው እቴ፣ ጎንደር ትከሻሽን ወሰደችው? ተነሺ እንጂ!»

«አያ፣ ተወኝ፤ ሰው ያየኛል።»

«ሊያይ አይደል ወይ የመጣው?»

ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እኔ ካሜራውን ለሙሽራዋ እንዳዘጋጀሁት ይዤው ስለነበር ዞር አደረግሁት። እናቴን በዓይኔ አየኋት ለማለት ይቸግረኛል፤ ያየኋት በካሜራው ትንሽ ስክሪን ውስጥ ነው። አንገቷ ቀጥ እንዳለ ቀረ፣ ትከሻዋ ብቻውን ጥሏት ሄደ። ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። ወዲያው ቆመች፣ ነጠላዋን ፈታች፣ ተመልሳ ተቀመጠችና ምንም እንዳልተፈጠረ ማጨብጨቧን ቀጠለች። እኔ በደስታ አለቀስኩ፤ የካሜራው መነጽር ሳይሆን የእኔ ዓይን ነበር የረጠበው።

እልልታው ቤት ድረስ እንደተሰማ ጥርጥር የለውም። ያም ሆኖ አባቴ ያን ዕለት ምንም አላሉም። በማግስቱም ምንም አላሉም። አባቴ ዝም ሲሉ ወይ በልባቸው እየጸለዩ ነው፣ ወይ ተቆጥተዋል፣ ወይ ጥርሳቸውን አሟቸዋል። እናቴ ይህኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት። ጥርስዎን ነው እንዴ ብላ ብትጠይቃቸው «ጥርሴ ደኅና ነው» አሏት፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰባት። «አያን ልሸኝ» ብላ ጓዟን ይዛ መካነ ብርሃን ወጣች። ሰው ሲሸኝ እስከ መናኸሪያ ነው የሚያውቀው፤ እሷ እስከ ቤታቸው ሸኘቻቸው።

ከዚያ ሆና ደወለችልኝ። የእናቴ ስልክ እዚያ የሚሠራው አንድ ጉብታ ላይ ከወጣች ብቻ ነው፤ ጉብታው ላይ ደግሞ ነፋስ አለ።

«ያ ነገር ካሜራሽ ውስጥ ገብቷል ወይ?»

«ገብቷል እማዬ!»

ነፋሱ ነፈሰ። «እንግዲያው አጥ... ው!»

«እ?»

«አጥ... ው አልኩሽ! የኔታ ሳያዩት!»

ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ከጉብታው ወርዳለች።

እኔ የሰማሁት «አጥሪው» ነው። ጆሮ የለመደውን ነው የሚሰማው፤ ቀኑን ሙሉ «አጥሪልኝ» ሲሉኝ የምውል ሰው ሌላ ምን እሰማለሁ? «የኔታ ሳያዩት» ያለችውንም «የኔታ እንዲህ ደብዝዞ ሳያዩት» ብዬ ፈታሁት። እናቴ ለአባቴ ልታሳያቸው ነው! ልቤ ዘለለ። የሌሎቹን ሠርግ ሁሉ ወደ ጎን ብዬ የእናቴን ትከሻ ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሰነፍ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ የሥዕሉን ጠርዝ አሾልኩት። እናቴ ዙሪያዋን በጥቁር ኩል የተከበበች የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ሆነች። አሸዋውም አብሮ ስለሾለ ፊቷ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ተውኩትና አሸዋውን መጥረግ ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ታዛዥ ነው፤ ጥረግ ሲሉት የት ላቁም ብሎ አይጠይቅም። ሽብሽቧን ጠረገ፣ ቅንድቧን ጠረገ፣ ነጠላዋን ሻሽ አስመሰለው። እናቴ ከእህቴ አንሳ ቁጭ አለች።

በመጨረሻ ትንሽ ሥዕል የሚያሳድገውን አዲሱን ፕሮግራም ከፈትኩ። ይህኛው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው፤ የጎደለውን በግምት ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተሩ እንደ ወፍጮ ሲያጉረመርም ዋለና ያወጣው ነገር አስደነገጠኝ። ዓይኗ ጠርቷል፣ የጥለቷ ክር ይቆጠራል፣ ጆሮዋ ሥር ያለችው ላብ እንኳ ታበራለች። ካፌ ወርጄ ለራሴ ማኪያቶ ጋበዝኩ። ማኪያቶዬን እየጠጣሁ በጎንደር ከእኔ የተሻለ እንደሌለ አረጋገጥኩ።

እናቴ ከመካነ ብርሃን ስትመለስ ከመናኸሪያ በባጃጅ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። በአንድ እጇ የቆሎ ከረጢት፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛ በሩን በክርኗ ገፍታ ስትገባ ራሷን በትልቁ ስክሪን ላይ አየችው፤ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ትከሻዋን ስታነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሻ!»

«አጥፊው አላልኩሽም?»

«አጥሪው ነው ያልሽኝ።»

«አጥፊው! በ‹ፊ›! ያንን ሁሉ ጉብታ የወጣሁት አጥሪው ልልሽ ነው?»

ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ሶፋው ከእሷ ጋር አብሮ ተነፈሰ። ቆሎውን እንዳቀፈች ራሷን ታይ ጀመር። እኔ ስድቡ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ድንገት ፊቷ ፈካ።

«እሰይ! ይቺ እኔ አይደለሁም።»

«እንዴት አይደለሽም?»

«ወርቁስ የማን ነው?»

ያኔ ነው ያየሁት። እናቴ አንገቷ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችው፣ ድርብ ድርብ ያለ አረንጓዴ ንቅሳት አላት። ፕሮግራሙ ንቅሳት ያላት ሴት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አንገት ላይ የተደረደረ ነገር ሲያይ ሐብል ነው ብሎ ገመተ፤ ከገመተ ወዲያ ደግሞ እጁ ሰፊ ነው፣ ወርቅ አደረገው። እናቴ በዕድሜዋ አድርጋ የማታውቀውን ሦስት ድርብ የወርቅ ሐብል አጥልቃ ትከሻዋን ትሰብቃለች። በማኪያቶዬ አፈርኩ።

«ጥሩ ነው፤ ተይው» አለች እየሳቀች። «የኔታ ከጠየቁኝ ወርቅ ያጠለቀች ሌላ ሴት ናት እላቸዋለሁ። ወርቅ እንደሌለኝ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።»

ቆሎውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። በሩን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

«ግን ንቅሳቴን ምን አደረግሽው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒዩተሩ ነው።»

«ያን ሁሉ አልቅሼ የተነቀስኩትን? ሰው ከሳቀብኝም በራሴ አንገት ይሳቅብኝ። መጀመሪያ አጥሪው፤ ከዚያ ታጠፊዋለሽ።»

«በ‹ሪ›?»

«በ‹ሪ›፣ አንቺ ደንቆሮ!»

እንግዲህ ሥራ የምለው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ትንሹና አሸዋማው ሥዕል ተመለስኩ። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ስገላልጣቸው ነገሩ ገባኝ፤ ሥዕሉን ያሳነሰብኝ ያ ጥድፊያ መድኃኒቱንም ይዞ ነው የመጣው። በዓይን ጥቅሻ ውስጥ የእናቴን አንገት ደጋግሞ አንሥቶታል። አሸዋው በእያንዳንዱ ፍሬም ቦታውን ይቀያይራል፤ እዚህ ይታያል፣ ቀጥሎ እዚያ ነው። ንቅሳቱ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ተከታታዮቹን ፍሬሞች ደራርቤ፣ አንገትን ከአንገት አጋጥሜ አማካያቸውን ስወስድ ቦታ የሌለው አሸዋ እርስ በርሱ ተጠፋፋና ቦታ ያለው ብቻ ቀረ። አረንጓዴው መስመር ቀስ በቀስ ከሥር ብቅ ሲል «እሰይ!» ብዬ ስጮኽ ካፌው ድረስ ተሰምቷል። ሐሜትም እንዲህ በሆነ ጥሩ ነበር፤ አሥር ሰው ያወራውን ብትደራርበው እውነቱ ብቻ ቢቀር።

ትከሻዋን ግን በዚህ ዘዴ ልነካው አልቻልኩም። በሁለት ፍሬም አንድ ቦታ ላይ አይገኝም፤ ብደራርበው ገንፎ ሆነ። ለብቻው ከልዬ እንዳለ ተውኩት። ከዚያ ሥዕሉን አሳደግሁ፣ ጥላውን ከብርሃኑ ለየሁ፣ ማሾሉን መጨረሻ ላይ እንደ ጨው በልኩ ጣል አደረግሁበት። በላዩ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ መልሼ ነሰነስኩበት። እናቴ ይህን ሳስረዳት «ለቅመሽ ስታበቂ መልሰሽ ትበትኛለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ዓይን ሞኝ ነው፤ ልስልስ ካለ ነገር ይልቅ ትንሽ ሻከር ያለው የጠራ ይመስለዋል። ፊትና አንገት ከጠሩለት ደግሞ የቀረውን ራሱ ያጠራዋል፤ የደበዘዘውን ትከሻ «መፍጠኑ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሙያዬ ምስጢር በአጭሩ ይኸው ነው፤ ሥዕሉ ሳይጨምር ዓይኑን ማጥገብ።

እናቴ ያለቀውን ስታይ ንቅሳቷን በጣቷ ዳሰሰች፤ የስክሪኑን አይደለም፣ የራሷን።

«እንዲህ ነበር እንዴ የማደርገው?»

«እንዲህ ነበር።»

«ሸጋ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ። ቀጥላ ግን «በይ አሁን አጥፊው» አለችኝ። አላጠፋውም አልኳት። ተሟገትን። በስተመጨረሻ ከሠርጉ ፊልም ቆርጬ እንዳወጣው ተስማማን፤ ፊልሙ ለጠዳ ዘመዶች ይሄዳልና «የመሪጌታ ሚስት እንዲህ ናት ወይ» ቢባል ሐፍረቱ ለየኔታ ነው አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን የሐፍረት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አባቴ አይተው ፊታቸውን እንዳያዞሩባት ነበር የምትፈራው። ያን የምታህል ደስታዋ ላይ ፊት ቢዞርባት ዳግም አትነሣም ብዬ እኔም ፈራሁ። ቆረጥኩት።

ፊልሙ ከመሄዱ በፊት አባቴ ማየት ነበረባቸው። ከቅዳሴ መልስ ከእናቴ ጋር መጡ። አባቴ ፊልም የሚያዩት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፤ ሲፈልጉ ገለጥ አድርገው ያረጋግጣሉ፣ መልሰው ይጨፍናሉ። ሙሽራዋ ገባች፤ አንድ ጊዜ አዩዋት። ካህናቱ ጸለዩ፤ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳኑ ውስጥ ጭብጨባው ደራ።

«አቁሚ» አሉ። «እዚህ ላይ ምት ጎድሏል።»

ቁርጡን የደበቅሁት በደንብ አድርጌ ነበር። የሕፃናት ሥዕል ጣልቃ አስገብቻለሁ፣ ድምፁን ከድምፅ አቀላቅያለሁ። ዓይን ያለው ሁሉ ይታለልበታል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ከበሮ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸውም ተጨፍኗል።

«አይ አባባ፣ ትንሽ ለማሳጠር...»

«ጭብጨባው ሲቆረጥ አንድ ቦታ ላይ ነበር፣ ሲቀጠል ሌላ ቦታ ነው። ደግሞ እልልታ ነበረ። ቤት ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እልልታውን የት አደረግሽው?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር ጀመረች።

«የተቆረጠውን አምጪው» አሉ አባቴ።

እናቴን አየኋት፤ እሷ ወለሉን አየች። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከፈትኩት።

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። አልጨፈኑትም። እናቴ በስክሪኑ ላይ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ቀስ ብላ ትከሻዋን ላከች፣ ንቅሳቷ ድርብ ድርቡ እስኪቆጠር ድረስ ጠርቶ። አባቴ ወደፊት ተጠጉ። ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህ ዝማሜው ነው» አሉ። በእሳቸው ሥርዓት ዝማሜ በመቋሚያ ቀስ እያሉ የሚወዛወዙበት ነው፤ ኋላ የሚመጣው ፈጣኑ ጽፋት ይባላል። «ጽፋቱን አሳዪኝ።»

«የቱን?»

«እሷ ያደረገችውን። በራሷ ፍጥነት።»

በራሷ ፍጥነት ለቀቅሁት። ያን ሁሉ የደከምኩበት ጥራት ምንም አልታየም። ንቅሳቱም፣ ዓይኑም፣ የጥለቱ ክርም አንድ ላይ ብልጭ ብለው አለፉ፤ እልልታው ተነሣ፣ አለቀ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው አባባ።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላም ዓይናቸውን ከላዩ አላነሡም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ማን ከለከለሽ?» አሏት። ቁጣ አልነበረውም፤ በእውነት መጠየቃቸው ነበር።

«ማንም አልከለከለኝም፣ የኔታ።»

«ታዲያ?»

«ተነሺ ያለኝ አልነበረም።»

እኔ ኪቦርዱን የማጸዳ መሰልኩ። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

«በይ ተነሺ» አሏት።

ወደ ቤት እንሂድ ማለታቸው ይመስለኛል፤ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። እናቴ ተነሣች። ወደ በሩ ግን አልሄደችም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስር ጀመር።